ጅብ እራት ለምን ይጋበዛል? ስለ ጓሮ የዱር እንስሳት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ጸሐፊው ለገጣፎ በኩል የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸውና፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው የዱር እንስሳ ለማየት አዋሽ ወይም ባሌ ድረስ መድከም የለበትም። ማታ ሥጋና አጥንት ጓሮ ይጣል፣ ፓውዛ ይብራ፣ ወንበር ይውጣ። አያ ጅቦ ራሱ ይመጣል። ከዚያ ስለ ጅብ ጠባይ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ጃርት እሾህ ያወራሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዶሮ የሚጨርሰውን ሸለምጥማጥ እንዴት እንደሚገላገሉት ይመክራሉ።

ጽሑፉን ጎረቤቶቼም ላኩልኝ። አንዱማ የበግ ጭንቅላት ገዝቶ ሊጀምር ተነስቷል። መልስ ለመጻፍ የተቀመጥኩት በእሱ ምክንያት ነው።

እኔም ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው በኩል ነው የምኖረው። ሌሊት ጋቢ ተከናንቦ በመስኮት ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። እንስሳቱን በመውደድ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። የተለያየነው ግብዣው ላይ ነው። በራሳቸው ጉዳይ የሚያልፉ እንስሳትን ማየትና ቀለብ ቆርጦ ማስለመድ ለየቅል ናቸው።

«የከተማ ጅብ ተርቧል፤ መመገብ ጽድቅ ነው» ይላሉ ጸሐፊው። እስቲ ከዚህ እንጀምር። የከተማ ዳር ጅብ ሥራ አለው። ቄራ አለ። የቆሻሻ ገንዳ አለ። ሞቶ ገደል የተጣለ አህያና ፈረስ አለ። ከፋሲካ ማግስትማ መንደሩ በሙሉ አጥንት ነው። ይኼን ሥራ መቀሌ ላይ ለመለካት የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የሞተ እንስሳና የእርድ ተረፈ ምርት እንደሚያጸዱ ገምተዋል። በዚህም በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከአባ ሰንጋና ከከብት ቲቢ ያድናሉ ብለዋል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ምጽዋት አይጠይቅም። ጸሐፊው የሚወረውሩለት ሥጋ ደግሞ ከሥራው ያዘገየዋል እንጂ ነፍሱን አያተርፍም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ግብዣው ሲቆም ምን ይሆናል? ጋባዡ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ሥጋ ይወደድበታል። ወይ በቃ ይሰለቸዋል። ጅቡ ግን ሰዓቱን ለምዷል።

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ከትግራይ አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የሁዳዴ ጾም የጅብን ምግብ እንዴት እንደሚቀይር አይተዋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ለ55 ቀን ቢላዋ ይሰቀላል፤ የእርድ ትርፍራፊም ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ ውስጡ የማን ፀጉር እንዳለ መረመሩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ውስጥ ነበር። በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ። ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ጅቡ ከሰው ጋር አልጾመም ማለት ነው። የለመደው ሲቀርበት ወደ አህያ ዞረ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። እዚህ አህያ ውኃ ይጭናል፣ አሸዋ ይጭናል፣ እህል ወፍጮ ቤት ያደርሳል። ሌሊት ብዙዎቹ ደህና በረት የላቸውም። ሜዳ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጥግ ሥር ነው የሚያድሩት። የአህያዋ ባለቤት ጠዋት ሲነሳ የቀረለት ኮርቻ ብቻ ቢሆን ማንን ይጠይቃል? ፓውዛ አብርቶ ወንበር ያወጣውን ሰው አያውቀውም። የጋባዡ ሒሳብ በጎረቤት አህያ ይወራረዳል። ጸሐፊው ስለ ጽድቅ ሲያነሱ ይህችን አልቆጠሯትም።

ቀጥለው ሐረርን ይጠቅሳሉ። «ሐረሮች በእጃቸው ያጎርሱታል፤ እኛ ምን ጎደለን?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጎደለንን ልዘርዝር። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ገብቶ የመንገዱን ትርፍራፊ ለቃቅሞ ይወጣል። በአሹራ በዓል የገንፎ ድርሻ አለው። ጎብኚ የሚያየውን የማታ ምገባ ዩሱፍ ሙሜ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተውበታል፤ ልጃቸው አባስም ተረክቧቸዋል። ቦታው ይታወቃል፣ ሰዓቱም ይታወቃል። ጅቦቹ ስም አላቸው፣ በስማቸው ይጠራሉ። ከሁሉም በላይ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጎረቤት ሳያውቀው በግል ጓሮ የሚደረግ ነገር አይደለም።

የእኛ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው። ግማሹ ሰፈር ገና ግንባታ ላይ ነው። ባላለቀ ፎቅ ሥር፣ በላስቲክና በቆርቆሮ ጎጆ የሚተኛ ዘበኛ አለ። ሌሊት 10 ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን የምትወጣ እናት አለች። ጎህ ሳይቀድ ዳቦና አትክልት ሊያመጡ የሚሄዱ አሉ። «ጅብ ፈሪ ነው፤ ሰው አይነካም» የሚለውን የጸሐፊውን አባባል ለእነዚህ ሰዎች ንገሩልኝ። ጅብ ሰውን የሚሸሸው ሰው አደገኛ መሆኑን ስለተማረ ነው። ትምህርቱ ደግሞ ይረሳል። በየማታው ከሰው እጅ የሚበላ ጅብ ሰው ሲያይ የሚያስበው እራት ነው። ሜዳ ላይ የተኛን ሰው ጅብ ማጥቃቱ በአዲስ አበባም በሌላ ቦታም የተዘገበ ነገር ነው። ቤቱ ግንብ፣ በሩ ብረት ለሆነ ሰው ይኼ ላይታየው ይችላል።

ስለ ጅብ ጠባይ የጻፉት ክፍል ላይ በፍጥነት ልለፍ፤ ስህተቱ የሚጎዳ ስላልሆነ። «መንጋውን የሚመራው ትልቁ ወንድ ነው» ብለዋል። ነገሩ ግልባጩ ነው። በጅብ ዘንድ ሴቷ ትገዝፋለች፣ ሴቷ ትመራለች። ግልገል ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ወንዱ ሲጎረምስ ከተወለደበት ይወጣና ሌላ መንጋ ውስጥ ከታች ጀምሮ ይሰለፋል። «ሲስቅ ጠግቦ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ያ ሳቅ የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በምግብ ሽሚያ ላይ ከተገፋ ወይም ከተደናገጠ ጅብ ነው። ረጅሙ፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚሳበው ጩኸት ግን መልእክት ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ጅቦች የሚጮኸው ማን እንደሆነ በእሱ ይለያሉ። መስኮት ከፍቶ ይኼን ማዳመጥ አጥንት ከመወርወር በብዙ ይሻላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ጸሐፊው ጨዋታ ለማድመቅ ብለው ጆሮው ላይ ሎቲ ያለበትን ጅብ ተረት ጣል አድርገዋል። «ቀን ሸክላ ሠሪ፣ ሌሊት ጅብ» ዓይነት ወሬ። ተረቱን ሁላችንም ሰምተነዋል። በዚሁ ወሬ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ስንት ዘመን ከጋብቻና ከማዕድ እንደተገለለም እናውቃለን። ስለ እንስሳት በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ወደ ፓውዛው። «ጓሮውን እንደ ስታዲየም ያብሩት፤ ፎቶው ጥርት ይላል» ይላል ምክሩ። የሌሊት እንስሳ ዓይን ለጨለማ የተሠራ ነው። በዓይኑ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው። ባትሪ ሲበራበት እንደ ፍም የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ፓውዛ መልቀቅ ለጊዜው ማሳወር ነው። ጥርኝና ጃርት እንዲያውም ወደ በራ ጓሮ ድርሽ አይሉም። የሚቀረው ፓውዛ የለመደው ጅብና የሰፈር ውሻ ብቻ ነው። ከዚያ ጸሐፊው «ጓሮዬ ከጅብ በስተቀር የሚመጣ የለም» ይላሉ። እንዴት ይምጣ!

ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ወጪ የለበትም። የቤቱን መብራት ማጥፋት፣ ለዓይን ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ መስጠት። የእጅ ባትሪ የግድ ካስፈለገ የባትሪውን ፊት በቀይ ፕላስቲክ መሸፈን። አብዛኞቹ የሌሊት አጥቢዎች ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያቸውም። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ማታ ደግሞ ምርጥ ነው። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ መስኮት ላይ ነኝ። አቅም ያለው ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ቢገዛ ይሻለዋል። እነዚህ ካሜራዎች የሚሠሩት በኢንፍራሬድ ነው። ሲገዙ 940 ናኖሜትር የሚለውን ይጠይቁ። 850 የሚለው ፎቶው ደመቅ ቢልም ሲያነሳ ትንሽ ቀይ ጭላንጭል ያሳያል፤ እንስሳው ሊያየው ይችላል። ሌባም ሊያየው ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው ጅብ ጅብ ሲሉ ጥርኝን ጨርሰው ረስተዋታል። ይኼ ይቆጨኛል፤ ከጅብ ይልቅ ጓሮ የሚያስጠብቀኝ እሷ ናትና። ፊቷ ላይ ጥቁር ጭንብል አላት። አንገቷን ደፍታ፣ መሬቱን እያሸተተች ነው የምትሄደው። ስትደነግጥ ከጀርባዋ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ይቆምና እጥፍ ትሆናለች። ፍራፍሬ ትበላለች፣ አይጥ ትበላለች፣ ሌላው የሚጸየፈውን ሺ እግር ሳይቀር ትበላለች። ስትጸዳዳ ደግሞ ቦታ አትቀያይርም። እዚያችው እየተመላለሰች ነው። ቦታውን ያገኘ ሰው ምን እንደበላች ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ የሾላ ፍሬ፣ የሺ እግር ቅርፊት፣ ዘር። ከዚያ ዘር ዝናብ ሲመጣ የሚበቅል አለ። አገራችን ለሽቶ የሚሆነውን ዝባድ ከጥንት ጀምሮ በበሬ ቀንድ እያሸገች ስትልክ የኖረችው ከዚችው እንስሳ ነው። ጅማና ኢሉባቦር በኩል በእንጨት ቀፎ ተዘግቶባት ነው ዝባዱ የሚወሰደው። እኛ ጓሮ ነፃ ሆና ስታልፍ ማየት ዕድል ነው። አጥንት ለተጣለበት፣ ጅብ ለሚራኮትበት ጓሮ ግን አትመጣም።

ጸሐፊው «እኩለ ሌሊት ጓሮዬ የመጣ ቀይ ቀበሮ» ብለው ከጽሑፋቸው ጋር ያያዙትን ፎቶ በተመለከተ አንባቢ ሁሉ «ዋው» ብሏል። ይቅርታ፣ ቀይ ቀበሮ አይደለም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጫማ ቦታ ነው። ባሌ፣ አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ። ለአካለ መጠን የደረሱት በአጠቃላይ ከ500 አይበልጡም። ደግሞ ቀን አዳኝ ነው። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ እነሱ በሚወጡበት ሰዓት ነው የሚወጣው። እኩለ ሌሊት ላይ ለገጣፎ መጥቶ የዶሮ አጥንት አይቆረጥምም። መልኩም ይለያል። ቀይ ቀበሮ ደማቅ ቀይ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ ቅልጥሙ ረዘም ይላል። ፎቶው ላይ ያለው ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ እኛ ዝም ብለን ቀበሮ የምንለው ነው። እሱም ቢሆን ተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት የአፍሪካው ከእስያና ከአውሮፓው ቀበሮ የተለየ ዝርያ እንደሆነ አሳይቷል። ለተኩላ ወገን ይቀርባል። ጸሐፊው ይኼን ቢጽፉ ኖሮ ያለ ቀይ ቀበሮም «ዋው» ይባል ነበር።

ውሻን በተመለከተ፣ «ውሻዎን ፈትተው ይልቀቁት፤ እንስሳ ሲመጣ ያሳውቃል» ብለዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል አልሰሙም መሰለኝ። ቀልዱን ትተን፣ የተፈታ ውሻ የሚዳቋና የድኩላ ግልገል ያሳድዳል። የሚያስፈራው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የጨፈጨፈውም ከውሻ የተጋባው ይኸው በሽታ ነው። ውሻ ያስከትቡ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ይያዝ። በዱር እንስሳም በውሻም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ጤና ተቋም ይሂድ። እስኪነጋ አይባልም።

ጃርት እሾኹን ወርውሮ ይወጋል የሚለው የልጅነት ወሬ ነው። እሾኹ የደነደነ ፀጉር ነው፤ ሥሩ ላላ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይነቀላል። ጃርት ሲቆጣ ጭራውን ያንቀጫቅጫል፣ እግሩን ይመታል፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየሮጠ ጠላቱ ላይ ይለጠፋል። ወርውሮ አያውቅም። ስለዚህ ጸሐፊው «አሥር ሜትር ይራቁ» ያሉት ለሌላ ምክንያት ካልሆነ አያስፈልግም። ድንች የተከለ ሰው ግን በሌላ በኩል ያስብበት። ጃርት በቆርቆሮ አጥር ሥር ቆፍሮ ይገባል፣ አንድ መደብ ድንች በአንድ ሌሊት ያነሳል። አጥሩን መሬት ውስጥ ትንሽ ቀብሮ ዙሪያውን ድንጋይ መደርደር ይረዳል።

ጉጉትን «መርዶ ነጋሪ» ያሉበትን መስመር እንደ ቀልድ ነው የማየው። ጣሪያ ሥር የምታድር ጉጉት ከማንኛውም ድመት በላይ አይጥ ትፈጃለች።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ይኼን ጽሑፍ በዋናነት ወዳስጻፈኝ አንቀጽ ደረስን። ጸሐፊው ጅብን እንግዳ ብለው ሲያበቁ ዶሮ ለበላው ሸለምጥማጥ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይመክራሉ። «ጓሮ ጥግ ላይ ያስቀምጡለት፤ በነጋታው ሞቶ ያገኙታል» ይላሉ። እርግጠኛ ነኝ የሆነ ነገር ሞቶ ያገኛሉ። ሸለምጥማጡ መሆኑን ግን ማን ያረጋግጣል? ሥጋው ላይ ስም አልተጻፈም። ጅቡ ሊበላው ይችላል። የጎረቤት ውሻ ሊበላው ይችላል። የሞተውን ደግሞ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ እሱም ይሞታል። በከተማችን ሰማይ ላይ የምናያት ትንሿ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ልትጠፋ ከጫፍ ከደረሱት ወፎች አንዷ ናት፤ ከሚጨርሷት ነገሮች ዋነኛው እንዲህ ያለ መርዝ ነው። ጓሮ የሚጫወት ልጅም አለ፣ እሱን መጥቀስ አለብኝ? ሕጉም አለ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ጓሮው የራሴ ነው ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ሸለምጥማጥ ዶሮ መብላቱ እውነት ነው። ቀጭን ነው፣ ይወጣል፣ ይሾልካል፤ አንድ ገብቶ ብዙ ሊያርድ ይችላል። ዶሮ ያለቀበት ሰው ሲናደድ ይገባኛል። ግን ችግሩ ያለው ዶሮ ቤቱ ላይ ነው። አብዛኛው የሰፈራችን ዶሮ ቤት የተሠራው ከተረፈ ጣውላና ከአሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ በየመገጣጠሚያው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። እጅ የሚያስገባው ሸለምጥማጥም ያስገባል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይወጠር። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ወይም ሽቦው መሬት ውስጥ ይቀበር። ጣሪያውም ይገጠም፤ ይኼ እንስሳ ከዛፍ ላይም ወርዶ ይመጣል። በሩ ጀንበር ሳትጠልቅ ይዘጋ፣ በገመድ ሳይሆን በመቀርቀሪያ። ከዚያ በኋላ ሸለምጥማጡ ቢመጣ የሚያገኘው አይጥ ነው፣ እሱንም ይብላ።

የበግ ጭንቅላት የገዛው ጎረቤቴ ሐሳቡን ቀይሮ ለልጆቹ ቀቅሎላቸዋል። ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስለ ሐረር፣ ስለ ፓውዛ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ በሌላ ጊዜ እንከራከር፤ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ። የመርዙን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱት፤ ጽሑፉን የላኩላቸው ሰዎች ጋርም ማንሳትዎ ይድረሳቸው።